ለሌለ አውሬ እውነተኛ አጥንት

«አንተ ነገ መምህር የምትሆን ሰው፣ የሌለ አውሬ እየሳልክ ጊዜህን የምታባክነው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በዚህ ግቢ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቦልኛል። አንዳንዱ በቀልድ፣ አንዳንዱም ከልቡ ነው የሚጠይቀኝ። ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን ኮምፒዩተሬን ከፍቼ፣ በኤሌክትሮኒክ ብዕር ክንፍና ቀንድ፣ ጥፍርና ቅርፊት ስስል የሚያዩኝ ጓደኞቼ ነገሩ ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም። በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚሰጥ መልስ ስለማያረካ፣ የግድግዳ ጋዜጣችን አዘጋጆች ይህን ቦታ ሲፈቅዱልኝ ጥያቄውን በጽሑፍ ለመመለስ አስቤአለሁ።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። «ካርታ» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ንጉሥና ንግሥት ያሉበት፣ ሰው ገንዘቡን የሚበላላበት የቁማር ካርታ ነው። እኔ የምናገርለት ግን ሌላ ነው። በዚህኛው ጨዋታ እያንዳንዱ ካርታ የራሱ ስም፣ የራሱ ኃይልና የራሱ ሥዕል አለው። አንዱ ዘንዶ ነው፤ አንዱ ተራራ የሚያህል ግዙፍ ሰው ነው፤ አንዱ ከወገቡ በታች ዓሣ የሆነ ጠንቋይ ነው። ተጫዋቾቹ ካርታዎቹን እየሰበሰቡ፣ እየተለዋወጡና ለስልታቸው የሚስማማውን እየመረጡ የየራሳቸውን ጥቅል ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም አንዱ በሌላው ላይ ያሰልፋቸዋል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፈር ቀዳጅ ተብሎ የሚጠቀሰው «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ» ሲሆን፣ የፈለሰፈው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ነው። «ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት» የተባለው ድርጅት ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው እትም 295 ካርታዎች ነበሩት፤ ሥዕሎቹንም የሠሩት 25 ሠዓልያን ነበሩ። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሠዓሊው ስም በካርታው ግርጌ ይታተም ነበር፤ ዛሬም ይታተማል። ይህ ነገር ወደ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

የአንድ ካርታ ወርድ 63 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ 88 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ላይ ለስሙ፣ ለጽሑፉና ለጠርዙ የሚያስፈልገው ሲቀነስ፣ ለሥዕሉ የሚተርፈው ቦታ ወርዱ ከ5 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ፣ ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። የአንድ ክብሪት ቀፎ ፊት ያህል ማለት ነው። እንግዲህ ዘንዶውም፣ ዘንዶው የተቀመጠበት ገደልም፣ ከገደሉ በስተጀርባ ያለው ሰማይም በዚያች ክብሪት ቀፎ ላይ መግባት አለባቸው። ተጫዋቹም ሥዕሉን የሚያየው ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጦ፣ ብዙ ጊዜም ተገልብጦ ነው። ስለዚህም ሠዓሊው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቀው «ምን ልጨምር?» ብሎ ሳይሆን «ምን ልተው?» ብሎ ነው። በትምህርት አሰጣጥ ዘዴ ክፍለ ጊዜ «ለአንድ ትምህርት አንድ ዓላማ» ሲባል ስሰማ፣ እኔ ይህን ደንብ ከክብሪት ቀፎዋ ጋር ነው የማያያዘው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠዓልያኑ የሚሠሩት በዘይት ቀለም፣ በአክሪሊክና በውሃ ቀለም ነበር። ኮምፒዩተር ወደዚህ ሙያ የገባው ቀስ እያለ ነው። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉት ወንድማማቾች የጀመሩት «ፎቶሾፕ» የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ቀረበ፤ በ1994 ደግሞ «ሌየር» የሚባለው አሠራር ተጨመረበት። ሌየር ማለት እንደ መስተዋት ያለ ግልጽ ገጽ ነው ብላችሁ አስቡት። በአንዱ መስተዋት ላይ ሰማዩን፣ በሌላው ላይ አውሬውን፣ በሦስተኛው ላይ ጭጋጉን ትስላላችሁ፤ መስተዋቶቹ ሲነባበሩ አንድ ሥዕል ሆነው ይታያሉ። አውሬው ወደ ቀኝ ትንሽ ፈቀቅ ይበል ቢባል ሰማዩን ሳይነኩ እሱን ብቻ ማንቀሳቀስ ይቻላል። በዚህ ላይ የእጅን ጫና የሚለይ ብዕር አለ። ጠንከር ብለው ሲጫኑት መስመሩ ይወፍራል፤ ሲያላሉት ይቀጥናል። በዛሬ ጊዜ አንዳንዱ ብዕር የጫናውን መጠን በ8,192 ደረጃ ይለያል ይባላል፤ የኔው አሮጌ ነው፣ ይህን ያህል አይራቀቅም፤ ግን ይሠራል። ፕሮግራሙንም በተመለከተ «ክሪታ» የሚባለው በነፃ የሚገኝ በመሆኑ፣ እንደኔ ኪሱ ለሳሳ ሠልጣኝ ትልቅ በረከት ነው።

አንዳንድ ሰው «እንግዲያውማ የሚስለው ኮምፒዩተሩ ነዋ!» ይላል። አይደለም። ብዕሩ የሚሄደው እጄ በሄደበት ነው። ኮምፒዩተሩ ቀለም አይጨርስም፣ ሸራ አይቀደድበትም፣ የተሳለውንም ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ አለው። ጅብ እንዴት እንደሚቆም ግን አያውቅም። ያንን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ካላወቅሁም ሄጄ ማየት አለብኝ።

ነገሩ ይበልጥ እንዲብራራ፣ ባለፉት ሁለት ክረምቶች ከሠራኋቸው ካርታዎች የአንዱን ታሪክ ልንገራችሁ። በውጭ አገር ያሉ ጥቂት ሰዎች ለሚያዘጋጁት አነስተኛ የካርታ ጨዋታ አሥራ ሁለት አውሬዎችን እንድስል ተዋውለን ነበር። በሙያው እንደተለመደው፣ ለእያንዳንዱ አውሬ በጥቂት መስመር የተጻፈ መግለጫ ይላክልኛል። እኔ ጥቂት ትናንሽ ንድፎችን አቀርባለሁ፤ እነሱ ከንድፎቹ አንዱን ይመርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀመራል። የአንደኛው አውሬ መግለጫ በግርድፉ እንዲህ የሚል ነበር፦ ረግረግ ውስጥ ይኖራል፤ ጥንብ ይበላል፤ ክንፍ አለው፤ ከሰው ይበልጣል፤ ሲያዩት ከሚያስፈራ ይልቅ የሚያሳዝን ይሁን።

ከሚያስፈራ ይልቅ የሚያሳዝን! እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ማስፈራትስ ቀላል ነው። ጥርሱን አስረዝሞ፣ ዓይኑን ደም ማልበስ ነው። ማሳዘን ግን ከየት ይመጣል? ፊት ላይ እንባ ቢሳልበት በክብሪት ቀፎ ላይ አይታይም። ስለዚህ ሐዘኑ መምጣት ያለበት ከሩቅ ከሚታየው፣ ማለትም ከአቋሙ ነው። በማግሥቱ ማለዳ ደብተሬን ይዤ ወደ ከተማው ቄራ ወረድኩ።

ቄራው አጠገብ አባ ኮዳዎች ይውላሉ። አባ ኮዳን ሁላችንም አይተነዋል፤ ትኩር ብሎ ያየው ግን ጥቂት ሰው ይመስለኛል። ራሱ መላጣ ነው። ከአንገቱ ሥር ሥጋ መሳይ ከረጢት ይንጠለጠላል። ክንፉን ሲያጥፍ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣና አንገቱ በመሐል ይሰምጣል፤ ልክ ብርድ የመታው፣ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ይመስላል። እግሩ ነጭ መስሎ የሚታየው ኩሱን በላዩ ላይ ስለሚጥልበት ነው፤ ይህም በሙቀት ጊዜ ሰውነቱን ለማቀዝቀዝ ይረዳዋል። ያንን የተሰበሰበ ትከሻ አሥር ጊዜ ያህል በእርሳስ ነደፍኩት። የምፈልገው ሐዘን እዚያ ነበር። አባ ኮዳ ያዘነ ሆኖ አይደለም፤ የሰው ዓይን ትከሻውን የሰበሰበ ነገር ሲያይ ያዘነ ስለሚመስለው ነው።

ቀጥሎ ጅቡ መጣ። ጅብ የፊት እግሮቹ ከኋላ እግሮቹ ይረዝማሉ፤ በዚህም ምክንያት ጀርባው ከትከሻው ወደ ዳሌው ያዘቀዝቃል። ልጆች ጅብ ሲስሉ ውሻ ስለው ነጠብጣብ ያደርጉበታል፤ ጅብን ጅብ የሚያሰኘው ግን ነጠብጣቡ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። የኔም አውሬ ጥንብ የሚጎትት በመሆኑ የጅቡን ወፍራም አንገትና ያዘቀዘቀ ጀርባ ወሰድኩለት።

ክንፉ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነበር። በተረት ላይ ያለው ዘንዶ አራት እግርና ሁለት ክንፍ አለው። ሲቆጠር ስድስት ነው። አጥንት ካላቸው እንስሳት መካከል ግን ስድስት እጅና እግር ያለው አንድም የለም። ወፍም ብትሆን የሌሊት ወፍም ብትሆን ክንፏ ማለት ክንዷ ነው። የሌሊት ወፍን ክንፍ አጥንቱን ብናይ ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ከዚያም እጅግ የረዘሙ አራት ጣቶች እናገኛለን፤ ቆዳው የተወጠረው በእነርሱ መካከል ነው። አውራ ጣቷ ለብቻዋ ጥፍር ሆና ትቀራለች። እንግዲህ የኔ አውሬ ሁለት የኋላ እግርና ሁለት ክንፍ ብቻ እንዲኖረው ወሰንኩ። ሲራመድም የሌሊት ወፍ መሬት ላይ እንደምታደርገው በታጠፈው ክንፉ አንጓ ላይ ይደገፋል። በዚያ ላይ ለመብረር ጡንቻ ያስፈልጋልና ደረቱን አሰፋሁለት፤ ወፍ ስትታረድ ፍርምባዋ ላይ ያለው ሥጋ ለምን እንደሚበዛ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ይህ ዘዴ የኔ ፈጠራ አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ለሠዓልያን በተወው ማስታወሻ ላይ፣ በምናብ የተፈጠረ እንስሳ እውነተኛ መስሎ እንዲታይ ከተፈለገ እያንዳንዱ ብልቱ ከአንድ እውነተኛ እንስሳ መወሰድ እንዳለበት መክሯል። ለዘንዶ ራሱን ከውሻ፣ ዓይኑን ከድመት፣ ጆሮውን ከጃርት፣ አንገቱን ከኤሊ ውሰዱ እያለ ይዘረዝራል። ምክሩ ዛሬም አላረጀም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነም አንድ ዝነኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1515 ከህንድ አንድ አውራሪስ በመርከብ ሊዝበን ደረሰ። በኑረምበርግ የሚኖረው ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር እንስሳውን በዓይኑ አላየውም፤ የደረሰው ጽሑፍና አንድ ንድፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ በእንጨት ላይ ቀርጾ አሳተመው። ቆዳው እንደ ጦር ልብስ በብረት የተገጣጠመ ይመስላል፤ ማጅራቱ ላይም የሌለ ትንሽ ቀንድ ተጨምሮበታል። ሥዕሉ እጅግ ከማማሩ የተነሣ ለረጅም ዘመን አውሮፓውያን አውራሪስን የሚያውቁት በዚያ መልኩ ሆነ። እንግዲህ ተመልከቱ፦ በዓለም ላይ ያለው እንስሳ ስላልታየ ብቻ የተረት አውሬ ሆነ። እኔ የምደክምለት ደግሞ የተረቱ አውሬ፣ ከታዩ እንስሳት ተወስዶ፣ በዓለም ላይ ያለ እንዲመስል ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው ትምህርት አንድ ነው፤ ወሳኙ ማየት ነው።

አጥንቱ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ብርሃኑ ነው። ብዙ የዲጂታል ሠዓልያን እንደሚያደርጉት፣ እኔም በመጀመሪያ ቀለም አልነካም። ሥዕሉን በጥቁር፣ በግራጫና በነጭ ብቻ እሠራዋለሁ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ሳየው አውሬው ከጀርባው ካልተለየ፣ ምንም ያህል ቀለም ቢለብስ አይለይም። በየጊዜውም ሥዕሉን በክብሪት ቀፎ መጠን አሳንሼ አየዋለሁ። ለዚህ አውሬ የመረጥኩለት የማለዳ ፀሐይ ከኋላው ስትወጣ ነው። ልጆች ሆነን ባትሪ አብርተን መዳፋችንን ስንደቅንበት ጣታችን ቀልቶ ይታየን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ? ፀሐይም ከስስ ቆዳ በስተጀርባ ስትሆን እንዲሁ ነው። ክንፉ ከኋላ እንደ ፍም በራ፣ ፊቱ ግን ጥላ ውስጥ ቀረ። ለሐዘኑ ይህ ተስማማ።

ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። ኮምፒዩተር ቀለምን የሚፈጥረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ቀላቅሎ ነው። ማተሚያ ቤት ግን በውሃ ሰማያዊ፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ ነው የሚያትመው። በዚህም የተነሣ መስኮቱ ላይ የሚያበራው ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሠዓሊው ሲስል የሚያስበው ፊቱ ያለውን መስኮት ሳይሆን፣ ገና ያልታተመውን ወረቀት ነው። መብራት ድንገት ሊጠፋ ስለሚችልም በየአሥር ደቂቃው ሥራን ማስቀመጥ ነው። ይህን በየትኛውም የሥዕል መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፤ ያስተማረኝ ግቢያችን ነው።

ሥዕሉ ባለቀ ሰሞን ለእረፍት ቤት ሄጄ ለአክስቴ አሳየኋት። አክስቴ ያሳደገችኝ ናት። መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለችና አማተበች። «ኧረ በስመ አብ! ምን የሚሉት ጉድ ነው ይኼ ልጄ? ደግሞ ለዚህ ነው ገንዘብ የሚሰጡህ?» አለችኝ። እኔም «አዎ እትዬ፣ ለዚህ ነው» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ሆዱን ግን ብርድ መቶታል፤ አያሳዝንም?» አለች። እኔ ስለ ሐዘን አንድም ቃል አልተናገርኩም ነበር። ብዙ ሰው የሚያመሰግነኝ ቀን ቢመጣ እንኳ ከዚያች አነጋገር የሚበልጥ አገኛለሁ ብዬ አላስብም። ገንዘቡም ቢሆን ለታናሽ እኅቴ ደብተርና የደንብ ልብስ ስለሆነ፣ አክስቴ ከዚያ ወዲህ «ያ አውሬህ እንዴት ነው?» እያለች በስልክ ትጠይቀኛለች።

ሰባተኛውን ካርታ ካስረከብኩ በኋላ ግን አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሰባቱን ዋጋ እንደሚከፍሉኝ፣ የቀሩትን አምስት አውሬዎች ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሚያሠሯቸው አዘጋጆቹ አስታወቁኝ። ዋጋውን በታማኝነት ከፈሉ። አምስቱ ግን ቀሩ።

ይህ የኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በቃል ሲታዘዙ በሰከንዶች ውስጥ ሥዕል የሚያወጡ ፕሮግራሞች ለሕዝብ ቀርበዋል። ፕሮግራሞቹ የሠለጠኑት ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ፣ እጅግ ብዙ በሆኑ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ነው። ለ«ማጂክ» ጭምር የሠራው ፖላንዳዊው ሠዓሊ ግሬግ ሩትኮውስኪ፣ ሰዎች «በእርሱ አሳሳል» እያሉ ፕሮግራሞቹን በስሙ ሲያዙ መቆየታቸውን በዚያው ዓመት በይፋ ተቃውሟል። በ2023 መጀመሪያ ላይ ካርላ ኦርቲዝን ጨምሮ ሦስት ሠዓልያን የፕሮግራሞቹን ባለቤቶች በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የ«ማጂክ» አሳታሚ፣ ሠዓልያኑ የመጨረሻውን ሥራ በእነዚህ ፕሮግራሞች እንዳይሠሩ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ቀደም ሲል ልብ በሉ ያልኳችሁ የካርታ ግርጌ ስም ትርጉሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ስሙ የሚለው «ይህን ያየ አንድ ሰው አለ» ነው።

ደብዳቤው በደረሰኝ ሳምንት አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ታዲያ ከዚህ በኋላ መሳል ለምኔ ትላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ለኔ ብቻ የቀረበ አልመሰለኝም። ድርሰትም፣ ሒሳብም፣ የትምህርት ዕቅድም ዛሬ በማሽን ይሠራል። የነገ ተማሪዎቻችን እጃቸውን አውጥተው «መምህር፣ ማሽኑ እያለ ለምን እንደክማለን?» የሚሉን ቀን ሩቅ አይደለም፤ ምናልባትም ደርሷል። «ዝም በል፣ ጻፍ!» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም።

እኔ እስካሁን ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ሥዕሉ ለገዢው ዕቃ ነው። ዕቃውን ማሽን ከሰጠው፣ በርካሽም ካገኘው፣ ገዢው መሄዱ አይቀርም፤ ይህንን በልመና አላስቀረውም። ለሠሪው ግን ሥዕሉ ዕቃ ብቻ አይደለም። አምስቱ ካርታዎች ሲቀሩብኝ ገንዘባቸው አብሮ ቀርቷል፤ ጉዳቱ እውነተኛ ነው፣ አላቃልለውም። የአባ ኮዳው ትከሻ ግን አልቀረም። የጅቡ ቁልቁለት አልቀረም። ዛሬ በቄራው በኩል ሳልፍ የማየው ነገር ከሁለት ዓመት በፊት ከማየው ይበዛል። ማሽኑ በኔ ፋንታ ሊስልልኝ ይችላል፤ በኔ ፋንታ ሊያይልኝ ግን አይችልም። መምህር ደግሞ ከዕቃ አቅራቢነት ይልቅ ለሌላው የሚያሳይ ሰው መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ሐሳብ በመመራት በዘንድሮው የማስተማር ልምምድ ወቅት በአንድ አምስተኛ ክፍል ውስጥ ሙከራ አደረግሁ። ኮምፒዩተር አልነበረም፤ አላስፈለገምም። አሮጌ ካርቶን በካርታው ልክ፣ 63 በ88 ሚሊ ሜትር፣ ቆርጬ ለስልሳ ሁለት ተማሪዎች አደልኩ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «በዓለም ላይ የሌለ አንድ እንስሳ ሳሉ፤ እያንዳንዱ ብልቱ ግን እናንተ በዓይናችሁ ካያችሁት እንስሳ የተወሰደ ይሁን። ከሥሩ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚኖርና ከምን እንደሚሸሽ ጻፉ።» ክፍሉ ወዲያው ተንጫጫ። የዶሮ እግር ስንት ጣት እንዳለው ሁለት ልጆች ተከራክረው በእረፍት ሰዓት ሄደው ቆጥረው መጡ። ዓሣ ያላየው «እስስት አውቃለሁ» ብሎ የእስስትን እግር፣ ጣቶቹ ሁለትና ሦስት ሆነው እንደ ጉጠት ቅርንጫፍ ሲጨብጡ፣ አጣርቶ ሣለ። እኔ ይህን ያወቅሁት በዚህ ማሠልጠኛ ከገባሁ በኋላ ነው!

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ እምብዛም የማትናገር ልጅ ያቀረበችው ካርታ ነው። ሚዳቋ የመሰለ ረዥም አንገት ያለው እንስሳ ስላ፣ ከሥሩ አንዲት ቃል ብቻ ጽፋበታለች፤ «ይበላል»። ልጆቹ ተሳሳቁ። ላልቶ ሲነበብ በላተኛ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ሌላው የሚበላው ነው። ፊደላችን ማጥበቂያ የለውምና ከጽሑፉ መለየት አይቻልም። «የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። መልስ ሳትሰጥ በጣቷ ወደ ሥዕሉ ዓይን ጠቆመች። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ነበሩ። አንድ ልጅ ከፊት ተነሥቶ «ይገባኛል! እንደ በግ ከጎን ነው የሚያየው፤ እንደ ድመት ፊት ለፊት አይደለም። ይህ የሚበላው ነው፤ አዳኙን ለማየት ነው!» አለ። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። በአዳኝና በታዳኝ ዓይን አቀማመጥ ላይ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለማስተማር ተዘጋጅቼ ነበር፤ ትምህርቱን በአንዲት ካርቶን ላይ አስተማረችው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ «የሌለ አውሬ ለምን ትስላለህ?» ለምትሉኝ መልሴ ያሉትን ለማየት ነው የሚል ነው። ጥበቡን የሚንቅ ሰው ቢኖር አልቀየመውም፤ አስቀድሞ ግን ሦስት ነገር እንዲሞክር እጠይቀዋለሁ። የበግ የኋላ እግር ወደ የት እንደሚታጠፍና ጉልበቱ የትኛው፣ ተረከዙ የትኛው እንደሆነ ሳያይ በወረቀት ላይ ይንደፍ። ከዚያ ወጥቶ በግ ይይ። ከዚያ ተመልሶ ሁለቱን ያስተያይ። ብዙዎቻችን የኋላ ጉልበት የምንለው ወደ ኋላ የሚታጠፍ አንጓ ተረከዝ መሆኑን ሲያገኝ፣ በየቀኑ እያየ ስንት ነገር ሳያይ እንደኖረ ራሱ ይፈርዳል።

ሰባቱን ካርታዎች በትክክለኛ መጠናቸው አሳትሜ በዚህ ጽሑፍ ግርጌ ለጥፌአቸዋለሁ። እባካችሁ ቀረብ ብላችሁ ሳይሆን፣ ከሦስት እርምጃ ርቀት እዩልኝ። የትኛው አውሬ ከየትኛው እንስሳ ምን እንደወሰደ የደረሰበት ሰው ስሙንና መልሱን በወረቀት ጽፎ በአዘጋጆቹ ሣጥን ይክተት። አንዱ ላይ ግን ከግቢያችን በቅሎ የተወሰደ ብልት አለ፤ የትኛው እንደሆነ ፈልጋችሁ አግኙ።